ከባድ አሮጌ መኪና ለማንሣት ስለሚመረጥ ክሪክ

ይህ ጽሑፍ ከባድ የሆነ አሮጌ መኪና ከመሬት ለማንሣት ምን ዓይነት ክሪክ መምረጥ እንደሚገባ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ የዕውቀት ሳይሆን የገበያ ጉዳይ ይመስላል፤ ሰው ወደ ሱቅ ይገባል፤ በክሪኩ ላይ የተጻፈውን ቶን ያነባል፤ ዋጋ ተከራክሮ ይወጣል። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታና እስከ አዲስ ዘመን ያሉትን አንዳንድ ጋራዦች እየዞርን ስንጠይቅም ብዙዎቹ የመለሱልን ይህንኑ ነው። «ሦስት ቶን ያነሣል፤ ምን ይሆናል?» ይላሉ። ነገር ግን በተመለከትናቸው ቦታዎች ሁሉ ለሰው ሕይወት አስጊ ሆኖ ያገኘነው የክሪኩ ጉልበት ማነስ አይደለም። አስጊ የሆነው ክሪኩ የሚቆምበት መሬት፣ መኪናውን የሚነካበት ቦታ፣ ከዚያም መኪናው ከተነሣ በኋላ የሚያርፍበት ነገር ነው። የቶኑ ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሮጌ መኪና በሌላው ዓለም በእሑድ ቀን ተወልውሎ ለእይታ የሚወጣ ጌጥ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሥራ መሣሪያ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለው መኪና ይጠገናል እንጂ አይጣልም። ይህም ማለት ሰው ከመኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራበት ሰዓት ይበዛል ማለት ነው፤ ከሥሩ የሚተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ወይም ዋናው መካኒክ ሳይሆን በዕድሜ ትንሹ ረዳት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የምንወስደው ባለ 109 ኢንች የሚባለውን ረጅሙን ላንድሮቨር ነው። ቁጥሩ ከፊተኛው አክስል እስከ ኋለኛው ያለውን ርቀት ያመለክታል፤ በእኛ መለኪያ 2 ሜትር ከ77 ሳንቲ ሜትር ነው። ላንድሮቨር በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው በ1948 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሁለተኛው ሲሪስ በ1958፣ ሦስተኛው በ1971 ወጣ። ባለ 109 ኢንቹ ባዶውን 1,700 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እስከ ልኩ ሲጫን ወደ 2,700 ኪሎ ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙ የሚታየው አሮጌው ቮልስዋገን ከ800 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ለቮልስዋገን የተገዛን ክሪክ ተውሶ ከላንድሮቨር ሥር ማስገባት እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስተውለዋል።

ከባድ ነገር የማንቀሳቀስ ችግር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቀው በጋፋት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለ እጆች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አቅልጠው ሠርተዋል። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው ይባላል፤ ከአራት ባዶ ላንድሮቨር ጋር የሚስተካከል ነው። መድፉ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለትና ሰው በገመድና በጠፍር እየጎተተው፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። የጂዳንና የበሽሎን ገደል ያየ ሰው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ምን ያህል አስፈሪ እንደ ነበረ ለመገመት አይቸግረውም፤ ዳገት ላይ ሰው ሲደክም ሸክሙ ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሰው ሲደክም ሸክሙ ይሄዳል። ሴባስቶፖል ከመሠራቱ 16 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1851 እ.ኤ.አ.፣ ሪቻርድ ዳጅን የተባለ በኒው ዮርክ የሚኖር መካኒክ በፈሳሽ ግፊት የሚያነሣውን ተንቀሳቃሽ መሣሪያ በስሙ አስመዝግቦ ነበር። የዛሬው ክሪክ የዚያ ልጅ ነው። መሣሪያው ጋፋት ደርሶ ቢሆን ኖሮ እንኳ መድፉን መቅደላ አያደርሰውም ነበር፤ ክሪክ ሸክምን ጥቂት ከፍ ያደርጋል እንጂ አያጓጉዝም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሸክም ይዞ እንዲቆይ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለመረዳት ሆዱ ውስጥ ያለውን ማየት ያስፈልጋል።

ክሪክ እንዴት እንደሚያነሣ

በትምህርት ቤት የፓስካልን ሕግ የተማረ ሁሉ ሐሳቡን ያውቀዋል፤ በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። በእንግሊዝ አገር ጆዜፍ ብራማ በ1795 እ.ኤ.አ. ይህን ሕግ ወደ መጭመቂያ መሣሪያ ለወጠው። በክሪክ ውስጥ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ፒስተን አሉ። ቀጭኑ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ወፍራሙ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው እንበል፤ የወፍራሙ ገጽ ከቀጭኑ 16 እጥፍ ነው። እጀታው ደግሞ እንደ ማንኛውም ምሳሪያ የእጃችንን ኃይል 10 ጊዜ ያበዛል እንበል። እንግዲህ በ15 ኪሎ ኃይል የሚጫን እጅ በ10 ሲባዛ 150፣ በ16 ሲባዛ 2,400 ኪሎ ይሆናል። አንድ ልጅ ላንድሮቨር የሚያነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ተፈጥሮ በነጻ የምትሰጠው ነገር የለም። ኃይሉ 160 ጊዜ ከበዛ መንገዱ 160 ጊዜ ያንሳል፤ እጃችን 40 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ መኪናው የሚነሣው 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ደግሞ አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ናት፤ በወፍራሙ ፒስተን ዙሪያ እንዳይፈስስ የሚከለክለውም መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት የጎማ ቀለበት ነው። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ከኳሷ ሥር ቢገባ ወይም ጎሚኒው ቢሰነጠቅ መኪናው ይወርዳል። አንዳንዴ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ግን ቀስ አይልም። ያ ሁሉ ብረት የተንጠለጠለው ከጣት ጥፍር በማትበልጥ ኳስና በአንድ ቁራጭ ጎማ ላይ መሆኑን ካየን በኋላ፣ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መተኛትን እንደ ድፍረት ልንቆጥረው አልቻልንም።

በአካባቢው የሚታዩት ክሪኮች አራት ዓይነት ናቸው። መቀስ ክሪክ በጥምዝ ብረት የሚሠራና ከትንንሽ መኪኖች ጋር የሚመጣ ነው፤ ለከባድ መኪና አይሆንምና እንለፈው። ረጅሙ ባለ ጥርስ ክሪክ ቁመቱ አንድ ሜትር ያልፋል፤ ጭቃ የዋጠውን መኪና ለማውጣት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቀጭን ምሰሶ ላይ ስለሚቆም ወደ ጎን ለመውደቅ ቅርብ ነው፤ ሲያወርዱትም እጀታው ካመለጠ መንጋጋ ይሰብራል። ጠርሙስ ክሪክ ቁመናው ጠርሙስ የሚመስለው ሲሆን ፒስተኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። አራተኛው በአራት ትንንሽ የብረት ጎማዎች ላይ የሚሄደው የጋራዥ ክሪክ ነው። ስለዚህ ባለ ጎማ ክሪክ ረዘም አድርገን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ከሁሉ የተሻለ ተብሎ የሚገዛው እርሱ ነው፤ በእኛ መሬት ላይ ባሕርዩ የሚለወጠውም እርሱ ነው።

መሬቱ

ባለ ጎማው ክሪክ ሲያነሣ ቀጥ ብሎ አያነሣም። መኪናውን የሚነካው ራስ በረጅም ክንድ ጫፍ ላይ ስለ ተተከለ፣ ክንዱ ሲነሣ ራሱ እንደ በር ጠርዝ ክብ እየሠራ ይሄዳል። ክንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና ራሱ ከ13 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እስከ 48 ቢነሣ፣ በዚያው ጊዜ ወደ ክሪኩ ኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሳባል። (ሒሳቡን ማረጋገጥ የሚወድ ክንዱ የሚዞርበትን ቦታ ከመሬት 18 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርጎ በፒታጎራስ ደንብ ይሥራው።) መኪናው በሦስት ጎማ መሬት ይዞ ስለ ቆመ ወደ ጎን አይሄድም፤ ስለዚህ መሄድ ያለበት ክሪኩ ነው። ጎማ የተሠራለት ለዚሁ ነው እንጂ ከቦታ ቦታ ለመግፋት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ለስላሳ ስሚንቶ ላይ ክሪኩ ራሱ ቀስ እያለ ከመኪናው ሥር ይገባል፤ ሠሪውም ልብ ሳይለው ሥራው ያልቃል። የደብረ ታቦር ቀይ አፈር ወይም ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ ላይ ግን ትንንሾቹ የብረት ጎማዎች ይሰምጣሉ፤ አይንከባለሉም። ያን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ የክሪኩ ራስ በሻንሲው ላይ ይንሸራተታል፤ ወይ መኪናው ከክሪኩ ጋር ወደ ጎን ይጎተታል። በሁለቱም ጊዜ በክሪኩ ላይ የተጻፈው ቶን የሚያድነው ነገር የለም፤ አምስት ቶን የሚያነሣ ክሪክ በአፈር ላይ ሁለት ቶን ከሚያነሣው እኩል ይንሸራተታል። እንዲያውም ትልቁ ክሪክ ከባድ በመሆኑ ይበልጥ ይሰምጣል።

በፎገራ ሜዳ ነገሩ የባሰ ነው። የፎገራ ዋልካ በበጋ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ግን እግር ይይዛል። የጠርሙስ ክሪክ ታች 10 በ12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 120 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ የላንድሮቨሩን ግማሽ፣ ማለት 850 ኪሎ፣ ቢሸከም በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 7 ኪሎ ያህል ይጫናል። አንድ ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም የሚጫነው ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሰው ተረከዝ የሚሰምጥበት መሬት ላይ ክሪክ መትከል ችንካር እንደ መትከል ነው። ከክሪኩ ሥር 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ቢነጠፍ ግን ሸክሙ በ1,600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ይከፋፈልና ወደ ግማሽ ኪሎ ይወርዳል፤ ከሰው እግር ጋር ተቀራረበ ማለት ነው። ጣውላው ከ5 ሳንቲ ሜትር ከቀጠነ መሐሉ ይታጠፍና ጥቅሙ ይቀራል፤ ሁለት ጣውላ እርስ በርሱ አቋርጦ መደራረብ ይሻላል።

በአዲስ ዘመን፣ ከጣራ ገዳም ኮረብታ ሥር፣ ያገኘናቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ ለዚህ የሚገለገሉበት ወይራ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገኘ ምሰሶ ነው። የገዳሙን ደን ማንም እንደማይነካ አስቀድመው ነገሩን፤ እኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቅናቸውም ነበር። ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ በቁመቱ ስለሚሰነጠቅ ከከባድ ሸክም ሥር አይወዱትም። ስለ ክሪክ ምርጫ ስንጠይቃቸው ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ መሬቱ አመለከቱን። «ነገር ከሥሩ ነው፣ ልጆቼ» አሉን፤ «መጀመሪያ የሚቆምበትን አሳዩኝና ክሪኩን እኔ እነግራችኋለሁ።»

እኛም በዚህ እንስማማለን። ቋሚ ጋራዥ ያለው ሰው ባለ ጎማ ክሪክ ከመግዛቱ አስቀድሞ ስሚንቶ ይግዛ። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ሁሉ በስሚንቶ ባይሸፈን እንኳ፣ ክሪኩ የሚሄድበትና መቆሚያዎቹ የሚያርፉበት ሥፍራ ተስተካክሎ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ቢፈስስበት ይበቃል። ይህ ካልተቻለ ወፍራም ላሜራ ይነጠፍ፤ የላሜራው ርዝመት ክሪኩ ተንከባሎ የሚገባበትን ያህል ትርፍ ይኑረው።

ዳገትና የእጅ ፍሬን

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች የኮረብታ ከተማ ናት፤ ብዙዎቹ ግቢዎች ያዘነብላሉ። በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ ቦታ ላይ 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ወደ ታች በ170 ኪሎ ኃይል ይገፋል። «የእጅ ፍሬኑን ይዤዋለሁ» የሚል ሁሉ ይህ ኃይል ተይዟል ብሎ ያስባል። አሮጌውን ላንድሮቨር በተመለከተ ግን ይህ አሳብ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም በእነዚህ መኪኖች ላይ የእጅ ፍሬኑ ጎማዎቹን አይዝም። የሚይዘው ከካምቢዮ ወደ ኋለኛው አክስል ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ነው። የቀድሞዎቹ ባለ 40 ላንድክሩዘሮችም እንዲሁ ናቸው።

አራቱም ጎማዎች መሬት ላይ ሳሉ ይህ ፍሬን ጠንካራ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ሲነሣ ግን ዲፍረንሻሉ ሥራውን ይጀምራል። የዲፍረንሻል ተግባር ግራና ቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መፍቀድ ነው፤ ዘንጉ ቆሞ ሳለ አንዱ ጎማ ወደ ፊት ከዞረ ሌላው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይዞራል። በአየር ላይ ያለውን ጎማ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ስለዚህ መሬት ላይ ያለው ጎማም ነጻ ሆነ ማለት ነው። ፍሬኑ እንደ ተያዘ ነው፤ ዘንጉም እንደ ቆመ ነው፤ መኪናው ግን ይሄዳል። ማርሽ ውስጥ ማስገባትም ያንኑ ዘንግ ከመያዝ አያልፍምና አያድንም። አራቱን ጎማ የሚያሠራው ማርሽ ከገባ የፊተኛው ዘንግም ስለሚያዝ ይሻላል፤ ነገር ግን በፊት ጎማዎች መሐል ላይ ያሉት መክፈቻዎች ተከፍተው ከሆነ ይህም ከንቱ ነው።

ይህን በመጽሐፍ ካነበብነው ይልቅ በዐይናችን ያየነው ይበልጥ አስተምሮናል። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ጋራዥ፣ ባዘነበለ ግቢ ውስጥ፣ የአንድ ላንድሮቨር የግራ ኋላ ጎማ ተፈትቶ ረዳቱ የባሌስትራውን ቡሎን ለመፍታት ከሥር ገብቶ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ተይዟል፤ ክሪኩም አዲስና ጠንካራ ነው። ልጁ ቡሎኑን በኃይል ሲጎትተው መኪናው አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሄደና ክሪኩ ተጋደመ። ልጁን ያዳነው አስቀድሞ የተፈታውን ጎማ ከሻንሲው ሥር አጋድሞ ማስቀመጡ ነው፤ ሻንሲው በጎማው ላይ አረፈ፤ ልጁ በተረፈው ቀዳዳ ተስቦ ወጣ። «ማን አስተማረህ?» ብለን ብንጠይቀው፣ «ጋሼ ናቸው፤ ጎማ ስትፈታ አታሽከርክረው፣ ከሆዱ ሥር ጣለው ይሉኛል» አለን። ጋሼ የሚላቸው የጋራዡ ሽማግሌ በዚያ ቀን አልነበሩም። ታኮ ማድረግን ግን ማንም አላሰበም ነበር፤ በግቢው ውስጥ ለታኮ የሚሆን ድንጋይ ሞልቶ ሳለ።

ስለዚህ ማንኛውም ክሪክ ከመነሣቱ በፊት መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው። ታኮው ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ እንጨት ይሁን፤ ድቡልቡል ድንጋይ ራሱ ይንከባለላልና። በቮልስዋገንና በመሰሎቹ ላይ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን ስለሚይዝ ችግሩ ሌላ መልክ አለው፤ ኋላው በሙሉ ሲነሣ የፊት ጎማዎች ያለ ምንም ፍሬን ይቀራሉ። መድኃኒቱ ግን ያው ታኮ ነው።

ከፍታና የሚያነሡበት ቦታ

ላንድሮቨር ከመሬት የራቀ መኪና ነው። ለአነስተኛ አውቶሞቢል የተሠራ ባለ ጎማ ክሪክ እስከ 35 ወይም 38 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይነሣል፤ ይህ ከላንድሮቨር ሻንሲ ላይ በወጉ እንኳ አይደርስም። ከሻንሲው ሲነሣ ደግሞ አክስሉ በባሌስትራው ተንጠልጥሎ ስለሚቀር፣ ጎማው ከመሬት የሚለቀው ሻንሲው ብዙ ከተነሣ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ሠሪው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ በክሪኩ ራስ ላይ እንጨት ይደርባል፤ ካልበቃው ሌላ ይጨምራል። ካየናቸው ልማዶች ሁሉ ከዚህ የከፋ አላገኘንም። ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጣውላ መሠረት ነው፤ በራሱ ላይ የሚደረብ እንጨት ግን የሚጋደም ዓምድ ነው። ስለዚህ ክሪክ ሲገዛ ከቶኑ ይልቅ ዝቅተኛና ከፍተኛ ልኩ ይጠየቅ፤ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊትም የመኪናው ሻንሲና አክስል ከመሬት ያላቸው ከፍታ በሜትር ተለክቶ በወረቀት ይያዝ። ለላንድሮቨር እስከ 50 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚነሣ ያስፈልጋል። ለጎማ መቀየር ብቻ ከሆነ ከአክስሉ ሥር፣ ባሌስትራው ከሚያርፍበት አጠገብ ማንሣት ይቀላል፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

የአሮጌ መኪና ሌላው ጠንቅ ዝገት ነው። የላንድሮቨር አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ ስለ ተሠራ ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ ሻንሲው ግን ተራ ብረት ነው፤ በጭቃና በዝናብ ብዛት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ በተለይም የኋለኛው አግዳሚ ብረት። ክሪክ ከማስገባት በፊት ቦታውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ማዳመጥ ጥሩ ነው፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከአሜሪካ መኪኖች ደግሞ ከ1958 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ትልልቅ ሼቭሮሌዎች ሻንሲያቸው በኤክስ ፊደል መልክ መሐል ላይ የተገናኘ ነው፤ በሁለቱ ጎኖች እንደ ሌሎቹ የሚዘልቅ ጠንካራ ብረት የላቸውም። በበሩ ሥር ያገኙትን ብረት ሁሉ ሻንሲ ነው ብሎ በክሪክ መግፋት ወለሉን መቅደድ ነው።

ስለ ቶኑ

አሁን ወደ ተለመደው ጥያቄ ደረስን። ክሪክ የመኪናውን ሙሉ ክብደት አያነሣም፤ ፊቱን ወይም ኋላውን ብቻ ነው። ባዶ ላንድሮቨር ሲሆን ይህ ከ850 እስከ 900 ኪሎ ነው፤ ከነጭነቱ የኋላው ብቻ ከ1,500 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ቶን የሚል ክሪክ በሒሳብ ይበቃል፤ እኛ ግን ሦስት ቶን እንዲሆን እንመክራለን። ተጨማሪው ጉልበት ስለሚያስፈልግ አይደለም፤ ሦስት ቶን የሚያነሡት በአብዛኛው መሠረታቸው ሰፊ፣ ክንዳቸው ረጅም ስለሆነ ነው። ከአረብ ብረት የተሠራው ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለጋራዥ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና ጠርሙስ ክሪክ ከነሰፊ ጣውላው መያዝ ይበልጣል።

ሱቅ ውስጥ ክሪኩ ይሞከር። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ። ማውረጃውን በጥቂቱ ሲፈቱት ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆኑ ይታይ፤ በአንድ ጊዜ የሚዘረጠጥ አይገዛ። ከልኩ በላይ ሲጫን ዘይቱን የሚያሳልፍ መከላከያ ቫልቭ እንዳለው ይጠየቅ። ቤት ከደረሰ በኋላ፣ ማንም ሰው ከመኪናው አጠገብ ሳይኖር፣ አንዱን ወገን አንሥቶ ከፍታውን በሜትር መለካትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና መለካት ነው። ልዩነት ካለ ጎሚኒው ወይም ኳሷ ያሳልፋሉ።

መቆሚያ ብረት

ከክሪክ ጋር አብሮ የሚገዛው ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት እግር መቆሚያ ብረት ነው። መኪናው ከተነሣ በኋላ በእነዚህ ላይ ይወርድና ክሪኩ ዕረፍት ያገኛል። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ከፍታው በጥርስና በመንጠቆ የሚያዝ ነው፤ ሁለተኛው ምሰሶው ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ወፍራም ዘንግ እየተሻገረ የሚያዝ ነው። ባለ ጥርሱ ፈጣን ስለሆነ ይወደዳል። ነገር ግን በ2020 እ.ኤ.አ. ሀርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ የመሣሪያ ነጋዴ የሸጣቸውን ባለ ጥርስ መቆሚያዎች ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ከገዢዎች መልሶ ሰብስቧል፤ መንጠቆው ጥርሱን በወጉ ሳይዝ ቀርቶ ሸክሙ ድንገት ሊወርድ ይችል ነበርና። ያን ያህል ምርመራ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ የሠሪው ስም እንኳ ያልተጻፈበትን ዕቃ ስንገዛ ዘንግ የሚሻገርበትን መምረጥ ይገባናል። የዘንጉን ሥራ በዐይን ማየት ይቻላል፤ የመንጠቆውን ግን አይቻልም። ዘንጉ ቢጠፋ በሚስማር ወይም በቀጭን ፌሮ መተካት ክልክል ነው፤ በአንድ ቦታ ይህንም አይተናል።

መቆሚያው ከሌለ በወይራ ወይም በሌላ ጠንካራ እንጨት ግንድ፣ እንደ ሣጥን እርስ በርሱ እያቋረጡ መደርደር ይቻላል። ብሎኬት ግን አይሆንም፤ ብሎኬት ሸክም በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። መኪናው መቆሚያው ላይ ካረፈ በኋላ፣ ማንም ከሥር ሳይገባ፣ በእጅ ገፋ አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል፤ የሚወድቅ ከሆነ በዚያን ጊዜ ይውደቅ።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር ቀርቶናል። ክሪክ ሲደክም ብዙዎች የፍሬን ዘይት ይጨምሩበታል፤ ሁለቱም በፈሳሽ ይሠራሉ ብለው ነው። የፍሬን ዘይት ግን ከማዕድን ዘይት የተለየ ፈሳሽ ነው፤ የክሪኩን ጎሚኒ አሳብጦ ያበላሸዋል፤ ክሪኩም ለጥቂት ቀን ከተሻለው በኋላ ከቀድሞው ይብሳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ከነዝቃጩ ኳሷ ሥር ቆሻሻ ይዞ ይገባል። የሚጨመረው ንጹሕ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ ይሞላል፤ ከዚያም ማውረጃው እንደ ተፈታ እጀታው አሥር ጊዜ ያህል ይመታና በውስጡ የገባው አየር እንዲወጣ ይደረጋል። በጉና በኩል ብርድ በሚጸናባቸው ወራት ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ስለሚወፍር ክሪኩ ሲወርድ ይዘገያል፤ ይህ ሕመም አይደለምና ማውረጃውን ከልኩ በላይ መፍታት አያስፈልግም፤ ፀሐይ እስኪወጣ መታገሥ ነው።